ስንዴ ማሳ ላይ የተሰጣ ድምፅ

የጋሽ ደምሴ ባለቤት እትዬ አልማዝ ከጎባ ሲደውሉልኝ ሮቤ ገበያ አጠገብ ባጃጅ ውስጥ ነበርኩ። «ዘይነባ፣ ጋሽሽ አረፉ» አሉኝ። ባጃጁን አስቁሜ ወረድኩ፤ ለምን እንደወረድኩ አላውቅም። በማግስቱ ጎባ ሄደን ቀበርናቸው። ከቀብሩ መልስ ሥራ ስገባ የጣቢያችን በር ላይ የሐዘን መግለጫ ተለጥፎ አገኘሁ። «በጥገና ሙያ ለረጅም ዓመታት ያገለገሉ ባልደረባችን» ይላል። የአባታቸውን ስም ወልዴን እንኳ «ወልዱ» ብለው ጽፈውታል። ወረቀቱን ገንጥዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ጥበቃው እያየኝ ነበር።

ይህን የምጽፈው ከዚያ ቀን ወዲህ ንዴቴ አልበርድ ስላለኝ ነው። ጋሽ ደምሴ መጠገን ያውቁ ነበር፣ የተሰበረ ማይክራፎን አይጥሉም ነበር። ግን ጠጋኝ አልነበሩም። የድምፅ ሠሪ ነበሩ። የወንዝ፣ የነፋስ፣ የጋሪና የሰው ድምፅ ቀድተው፣ ቴፑን በምላጭ ቆርጠው፣ ገልብጠውና ቀጥለው ሙዚቃ ይሠሩ ነበር። እኔ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ሲሠሩ አይቻለሁ። በር ላይ የተለጠፈውን የጻፈው ሰውም አይቷል።

ሮቤ በሚገኘው ትንሽ የትምህርት ሬዲዮ ጣቢያችን አንባቢ ሆኜ ስቀጠር ገና ሃያ ዓመት አልሞላኝም ነበር። የመጀመሪያ ቀን ማይክራፎን ፊት ተቀምጬ የሦስተኛ ክፍል የሳይንስ ትምህርት አነበብኩ። ከመስታወቱ ወዲያ አንድ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሹራባቸውን እስከ አገጫቸው የቆለፉ ሰው ግራ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። አንብቤ ስጨርስ ገቡና፣

«ወረቀቱ ይሰማኛል» አሉኝ።

«አላንኮሻኮሽኩትም እኮ» አልኳቸው።

«እሱን አላልኩም። ጉሮሮሽ ውስጥ ወረቀት አለ። ታነቢያለሽ እንጂ አትናገሪም። ኦትራ ቤስ።»

«ኦትራ ቤስ» በስፔንኛ «እንደገና» ማለት ነው። የጣቢያው ሰው ሁሉ ከእሳቸው ለምዶት ነበር፤ ሻይ እንኳ ሲደገም «ኦትራ ቤስ» ይባላል። ያን ቀን አሥራ ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ። አልተቆጡም፣ አላመሰገኑም። በአሥራ ሁለተኛው ዓይናቸውን ገለጡና «አሁን ወረቀቱ ወጣ» ብለው ማሽኑን አጠፉ።

ስፔንኛውን ያመጡት ከኩባ ነው። አባታቸው ጎባ ላይ ወታደር ነበሩ፣ በሶማሌ ጦርነት ሞቱ። መንግሥት አባቶቻቸው በጦርነቱ ያለቁባቸውን ልጆች በመርከብ ወደ ኩባ ሲልክ ጋሽ ደምሴም አብረው ተላኩ። እዚያ አደጉ፣ ኤሌክትሮኒክስ ተማሩ፣ ሀቫና ውስጥ አንድ የድምፅ ስቱዲዮ ውስጥ ረዳት ሆነው ገቡ። ስቱዲዮውን የሚመሩት አገራቸውን ትተው የመጡ አንድ ስፔናዊ አዛውንት ነበሩ። ጋሽ ደምሴ ስማቸውን አይጠሩም፤ «ማኤስትሮ» ነው የሚሏቸው፣ መምህር ማለት ነው።

ማኤስትሮው በወጣትነታቸው፣ ገና አገራቸው እያሉ፣ በእናታቸው ማድ ቤት ጠረጴዛ ላይ ሦስት አጫጭር ሥራዎች ሠርተው ነበር። አንደኛው ከቤታቸው የብረት በር ጩኸት፣ ሁለተኛው ቢላዋ የሚስል ሰው ሰፈር ለሰፈር ሲዞር ከሚነፋው ፉጨት፣ ሦስተኛው ሴቶች ወንዝ ዳር ልብስ ሲወቅጡ ከተቀዳ ድምፅ። በዚያን ጊዜ በአገራቸው እንዲህ ያለ ነገር የሠራ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። ሰው ሰብስበው ሲያሰሙ ግማሹ ሳቀ፣ ግማሹ ወጥቶ ሄደ።

«ከዚያ በኋላ ትልልቅ ሥራ ሠርተዋል» አሉኝ ጋሽ ደምሴ። «ትልልቅ ማሽን፣ ትልልቅ አዳራሽ። ግን ማታ ማታ ለብቻችን ስንሆን የሚያሰሙኝ እነዚያን ሦስቱን ነበር። የምለውን ሁሉ ያኔ ብዬዋለሁ ይሉኝ ነበር።»

ጋሽ ደምሴ ወደ አገር ሲመለሱ ማኤስትሮው እነዚያ ሦስቱ ያሉባትን፣ የቀረቻቸውን አንዲት ጥቅል ቴፕ በቆርቆሮ ሣጥን አድርገው ሰጧቸው። ሀቫና ሙቀትና እርጥበት ነው፤ ቴፕ ይሻግታል። «አንተ የተራራ ሰው ነህ፣ ብርድ ይጠብቀዋል» ነበር ያሏቸው። ጋሽ ደምሴም ይዘዋት መጡ፤ የሚያጫውታት ማሽን ያለው ጣቢያው ውስጥ ብቻ ስለነበር የጣቢያው መደርደሪያ ላይ አስቀመጧት።

የራሳቸውን ሥራ የጀመሩት ከትምህርት ቀረጻ በሚተርፍ ቁራጭ ቴፕ ነው። አዲስ ጥቅል ነክተው አያውቁም፤ ይህን እኔ በየትም ቦታ እመሰክራለሁ። በእረፍት ቀናቸው ትንሿን መቅረጫ ትከሻቸው ላይ አንግተው ይወጣሉ። የሳነቴን አምባ ነፋስ፣ የሮቤን የፈረስ ጋሪ፣ ስንዴ የሚያጭደውን የኮምባይነር ጩኸት ቀዱ። ከጋሪው ድምፅ የፈረሱን እርምጃ ብቻ ነጥለው፣ አዘግይተው፣ ከዝናብ ጋር ሲያስኬዱት ሰማሁ። መጀመሪያ ሳቅ መጣብኝ። ሁለተኛ ስሰማው አልሳቅኩም። ሦስተኛ ግን ሕፃን ሆኜ አባቴ ከገበያ የሚመጣበትን ሰዓት የምጠብቅ መሰለኝና ወጥቼ ደጅ ቆምኩ። ተከትለውኝ ወጡ።

«ምን ሆንሽ?»

«ምንም።»

«ጥሩ» አሉና ተመልሰው ገቡ።

አንድ ጊዜ ሶፍ ዑመር ዋሻ አብሬያቸው ሄጃለሁ። ዌብ ወንዝ ዋሻው ውስጥ ገብቶ የሚያሰማውን ድምፅ ግማሽ ቀን ቀዱ። አፋፉ ላይ ኦቦ አደም የሚባሉ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ተቀምጠው የጸሎት መቁጠሪያ ሙስበሃቸውን እየቆጠሩ ይስላሉ፤ ሳላቸውም አብሮ ተቀዳ። ጋሽ ደምሴ በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጥተው አጠገባቸው ተቀመጡና ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አደረጉላቸው። የወንዙን ድምፅ አዘግይተው ከፈቱላቸው። ሽማግሌው ሙስበሃቸውን አቆሙ። ሳል ያዛቸው፣ ግን ማዳመጫውን አላወለቁም። ከዚያ በእጃቸው የጋሽ ደምሴን ክንድ ፈልገው ያዙ።

«እኔ የምሰማው ይሄን ነው» አሉ። «ልጆቼ ውኃ ብቻ ነው ይሉኛል። አያምኑኝም ነበር።»

ከዚያ ጉዞ የአሥራ አንድ ደቂቃ ሥራ ወጣ። ጋሽ ደምሴ አምስት ወር ሠሩበት። ከሥራቸው ሁሉ የወደዱት እሱን ነበር።

ሥራ አስኪያጃችን ያን ጊዜ አዲስ ነበር። በጽሑፌ አንቱ አልለውም፤ ፊቱ ስሆን ግን እላለሁ፣ ሥራዬ ነውና። አንድ ቀን ስለ ውኃ የሚናገር ትምህርት አራት ደቂቃ ቀደም ብሎ አለቀ፤ ጋሽ ደምሴ ክፍተቱን በሶፍ ዑመሩ ሥራ መጀመሪያ ክፍል ሞሉት። በማግስቱ ከአንድ ትምህርት ቤት መምህር ደወለ፤ ልጆቹ ዝም ብለው አዳመጡ፣ እንደገና ይለቀቅልን አለ። ሥራ አስኪያጁ ስለ ስልኩ አልጠየቀም። ጋሽ ደምሴን ጠርቶ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጣቸው። ደብዳቤውን አይቼዋለሁ፤ «የተቋሙን የአየር ሰዓት ምንነቱ ለማይታወቅ ጫጫታ በማዋል» ይላል። ወር ሳይሞላ ከስቱዲዮ አንስቶ ግምጃ ቤት መደባቸው። ያን የመሰለ ጆሮ አምፖልና ባትሪ ቁጠር ተባለ።

«ለምን አይከራከሩም?» አልኳቸው።

«ግምጃ ቤቱ ጸጥ ያለ ነው» አሉኝ። «ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ግሩም ነው። ልቀዳው ነው።»

እኔ ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። እሳቸው ስላልተቆጡ የተቆጣው የለም። ዝም ያለ ሰው ሲበደል በዳዩ እንኳ መበደሉን ይረሳዋል።

ከዓመታት በኋላ ጣቢያው በኮምፒውተር መሥራት ጀመረና ቴፕ አያስፈልግም ተባለ። የንብረት ማስወገጃ ኮሚቴ ተቋቋመ። ጋሽ ደምሴ በዚያ ሰሞን ለሐሞት ጠጠር ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ሆስፒታል ተኝተዋል። አንድ ቀን ጠዋት ስገባ ግቢው ውስጥ የጭነት መኪና ቆሞ ቴፕ ይጫንበታል። ሮጬ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባሁ።

«የጋሽ ደምሴ ሥራዎች አሉበት። እሳቸው እስኪመጡ የላይኛው መደርደሪያ ይቆይ።»

«የሳቸው ለመሆኑ ምን ማስረጃ አለ?»

«ስማቸው ተጽፎበታል።»

«የመንግሥት ንብረት ላይ የግል ስም መጻፍ ራሱ ጥፋት ነው» አለኝና የፊርማ ወረቀቱን ወደ ኮሚቴው ሰብሳቢ ገፋ።

ወጣሁ። መኪናው ፊት መቆም እችል ነበር። አልቆምኩም። ዳር ሆኜ ሲጫን አየሁ፣ ከዚያ ስቱዲዮ ገብቼ የአምስተኛ ክፍል ጂኦግራፊ አነበብኩ።

ጋሽ ደምሴ ሲመለሱ ሁሉንም ነገርኳቸው። ከሐኪም ቤት ገና መውጣታቸው ነበር፤ ወገባቸው ቀጥ አይልም። ሹፌሩን ፈልገን አገኘነው። «ቴፑን አጋርፋ መንገድ ላይ ገበሬዎች ለወፍ ማስፈራሪያ ጠየቁኝ፣ ሰጠኋቸው» አለን። በዚያው ሳምንት በአጋርፋ አውቶቡስ ተሳፍረን ሄድን።

ቦታውን መፈለግ አላስፈለገንም። ስንዴው ሊደርስ ተቃርቦ ነበር። ከአንዱ የባሕር ዛፍ እንጨት ወደ ሌላው ቡናማ ቴፕ ማሳውን ሁሉ አቋርጦ ተዘርግቷል፤ ፀሐይ ሲመታው ያብለጨልጫል፣ ነፋስ ሲነካው እንደ ንብ ይላል። የሃያ ዓመት ሥራ ነው የተሰጣው። ጋሽ ደምሴ መንገዱ ዳር ቆሙ። ግራ ዓይናቸው ተጨፈነ። ለረጅም ጊዜ ቆመው ሲያዳምጡ እኔ አለቀስኩ፤ እሳቸው አላለቀሱም።

የማሳው ባለቤት ኦቦ ጀማል ከሩቅ አይተውን መጡ።

«ምን ጠፋባችሁ?»

ጋሽ ደምሴ በኦሮምኛ ቀስ ብለው አስረዷቸው። ኦቦ ጀማል ቴፑን በሁለት ጣታቸው ይዘው ወደ ብርሃን አደረጉት።

«ይሄ? ድምፅ አለበት?»

«አለበት። ስንዴያችሁን የሚያጭደው ኮምባይነር ሳይቀር አለበት።»

ኦቦ ጀማል ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ወደ ቤታቸው ተጣርተው ባለቤታቸውን ፋጡማን ጠሩ። «ለወፉ ሌላ እናገኛለን» አሉ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላውን በሙሉ፣ ሁለቱ ባልና ሚስት ከእኛ ጋር ሆነው ቴፑን ከእንጨቱ እየፈቱ በበቆሎ ቆረቆንዳ ላይ ጠቀለሉ። ማንም አላዘዛቸውም። ጣቢያው ውስጥ የተማረ ሰው ሁሉ ያላደረገውን እነሱ ስንዴያቸውን ለወፍ ትተው አደረጉት። ልንሄድ ስንል ፋጡማ ከቤት አንድ የቆርቆሮ ሣጥን ይዘው ወጡ።

«ይሄንን አልፈታሁትም» አሉ። «የፈረንጅ ጽሑፍ አለበት። የሰው ማስረጃ መስሎኝ፣ ባለቤቱ ይመጣል ብዬ አስቀመጥኩት።»

የማኤስትሮው ሦስት ሥራዎች ነበሩ።

ጋሽ ደምሴ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በየምሽቱ ጎባ ቤታቸው ውስጥ፣ ከቁርጥራጭ ዕቃ ራሳቸው በሠሩት ማጫወቻ፣ ከማሳው የመጣውን ቴፕ ሞከሩ። ፀሐይ አድርቆታል፣ ዝናብ አጣብቆታል፤ ጫፉን ሲይዙት ይሰበራል። ከሃያ ዓመት ሥራ የተረፈው ከሶፍ ዑመሩ አርባ ሰከንድ ነው። ውኃው አለ፣ ዘግይቶ፤ መሀል ላይ የኦቦ አደም ሳል አለ።

ከዚያ አንዲት ስፔናዊት መጣች። ሉሲያ ትባላለች፤ የማኤስትሮው የእህት ልጅ ናት። ማኤስትሮው ከሞቱ በኋላ አገራቸው አስታውሷቸው፣ ሥራቸው ይሰበሰብ ተብሎ ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ግን የትም አልተገኙም። በደብዳቤዎቻቸው መሀል «ለደምሴ ሰጠሁት፣ ባሌ ተራራ ላይ ነው» የሚል አግኝታ ለጣቢያችን ጻፈች። ደብዳቤዋ በደረሰ ሳምንት ሥራ አስኪያጁ መኪና ጎባ ላከ። ሣጥኑ የተገኘው ከጣቢያው መደርደሪያ በወጣ ንብረት ውስጥ ስለሆነ የተቋሙ ነው አለ። ጋሽ ደምሴ ሰጡት።

«እንዴት ይሰጧቸዋል?» ብዬ ጮህኩባቸው፤ በሕይወቴ አንድ ጊዜ ነው የጮህኩባቸው።

«ያለ ማኅተም ከአገር አይወጣላትም» አሉኝ። «እነሱ ይስጧት። ዋናው ማኤስትሮ መሰማታቸው ነው።»

ሉሲያ ስትመጣ ለርክክቡ አዳራሽ አጌጠ። ሥራ አስኪያጁ ሙሉ ልብሱን ለበሰ። ንግግሩን እንዳነብ ተሰጠኝ፤ ድምፄ ጥሩ ነው ተባለ። ወረቀቱ ላይ «ተቋማችን ይህንን የዓለም ቅርስ ለአሥርት ዓመታት በከፍተኛ ጥንቃቄ ጠብቆ» የሚል ነበር። የጋሽ ደምሴ ስም የለበትም። እሳቸው አራተኛው ረድፍ ላይ፣ ከሹፌሮቹ ጎን ተቀምጠዋል። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ሰው አጨበጨበ።

ስንወጣ ጋሽ ደምሴ በር ላይ ጠበቁኝ። ይወቅሱኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

«ዛሬ ወረቀቱ አልተሰማኝም» አሉኝ። «ጥሩ አነበብሽ።»

ከልባቸው ነበር፤ የሚያውቁት ማሞገስ ይኸው ብቻ ነው። በጥፊ ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። ለሥራ አስኪያጁ ውሸት ያዋልኩት እሳቸው ያስተማሩኝን ድምፅ ነበር።

በማግስቱ ሉሲያን ወደ ጎባ ይዣት ሄድኩ። ይህን እንኳ ላድርግ ብዬ ነው። ጋሽ ደምሴ በስፔንኛ ሲያወሩ ሃያ ዓመት ቀነሱ፤ እጃቸው ይበራል፣ ይስቃሉ። የሚሉት አልገባኝም። አንድ ቦታ ላይ ግን ሉሲያ ሳቋን አቁማ አንድ ነገር ጠየቀች፤ እሳቸው ወደ መስኮቱ አዩ። የርስዎ ሥራዎችስ የት አሉ ማለቷ እንደነበር ኋላ ነገሩኝ። አርባ ሰከንዱን ከፈቱላት። ስትጨርስ ጣቷን አነሳችና እኔም የማውቀውን ቃል ተናገረች።

«ኦትራ ቤስ።»

ሰባት ጊዜ አስደገመቻቸው። በሰባተኛው ጋሽ ደምሴ መነጽራቸውን አውልቀው ፊታቸውን በሻርፓቸው ጠረጉ። ቀድታው ሄደች፤ ለእኔም በስልኬ ላከችልኝ። እውነቱን ሁሉ ጽፌ ሰጠኋት፤ ስለ መኪናው፣ ስለ ማሳው፣ ስለ ፋጡማ፣ እኔ ስላነበብኩት ወረቀትም። ካገሯ ስትጽፍ የማኤስትሮው ሦስት ሥራዎች በተወለዱበት ከተማ እንደተሰሙ፣ ሕዝቡ ቆሞ እንዳጨበጨበ፣ የጋሽ ደምሴ ስምም እንደተነሳ ነገረችን። ጋሽ ደምሴ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አስነበቡኝና «የቢላዋው ሰው ፉጨት አልተቆረጠችም?» ብለው ጠየቁ። ሌላ አልጠየቁም። ከዚያ ወዲህ ሕመም ጠናባቸው።

እንግዲህ ያን ቀን፣ የተገነጠለው ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ እንዳለ፣ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባሁ።

«የጋሽ ደምሴን ዕረፍት በዛሬው ማስታወቂያ እንናገር። ከሥራቸውም እናሰማ፤ አርባ ሰከንድ ነው።»

«የምን ሥራ?»

«የሶፍ ዑመሩ።»

ሰዓቱን አየ። «ዘይነባ፣ ፕሮግራሙ ሞልቷል። ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ ሰው ጣቢያው ተበላሸ ይላል።»

«አርባ ሰከንድ ነው እኮ።»

«ገብቶኛል። ቦታ የለንም።»

ሃያ ዓመት ሙሉ ውኃና ነፋስ ያዳመጡ ሰው፣ አርባ ሰከንድ ቦታ አጡ። ከትምህርቱ በፊት ያለው የቀጥታ ማስታወቂያ የእኔ ነው። ስቱዲዮ ገባሁ፣ ማዳመጫዬን አደረግኩ። ስለ ማዳበሪያ ሥርጭት፣ ስለ ክትባት፣ ስለ ጠፋ መታወቂያ አነበብኩ፤ ቶሎ ቶሎ አነበብኩ። ከዚያ የጽሑፍ ወረቀቱን ገልብጬ አስቀመጥኩና ያለ ወረቀት ተናገርኩ፤ የጋሽ ደምሴ ወልዴን ሙሉ ስም፣ የሠሩትን፣ ያረፉበትን ቀን። ስልኬን ከማይክራፎኑ አስጠግቼ ከፈትኩት።

ውኃው ወጣ። ኦቦ አደም ሳሉ። ከመስታወቱ ወዲያ ያለው ባልደረባዬ እጁን ወደ ማጥፊያው ዘርግቶ አየኝ፣ ከዚያ እጁን መለሰና ኪሱ ከተተ።

ሥራ አስኪያጁ በሩን በርግዶ ሲገባ ሠላሳ ስምንተኛው ሰከንድ ላይ ነበርን። አፌ ላይ ጣቴን አድርጌ ዝም አሰኘሁት። ሁለቱ ሰከንድ እስኪያልቅ ቆመ።

«ምንድን ነው ያስተላለፍሽው?» አለኝ።

«ጋሽ ደምሴን» አልኩት።